ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማው፤ ባለቤት የሚሻው አጭር መንገድ

ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ በየብስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በጭሮና በሐረር በኩል የሚያልፈው የአውቶቡስ ጉዞ አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅና ብዙውን ጊዜም በመንገድ ማደርን የሚጠይቅ ነው። አውሮፕላን ይህንኑ ርቀት በአንድ ሰዓት ገደማ ያጠናቅቀዋል። በዚህም ምክንያት የክልል መንግሥታት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች፣ ለሕክምና የሚመላለሱ ዜጎችና ከውጭ አገር ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የአገር ውስጥ በረራን በስፋት መጠቀም ከጀመሩ ውለው አድረዋል።

ይሁን እንጂ የመንገደኛው ጉዞ የሚያበቃው አውሮፕላኑ ሲያርፍ አይደለም። መንገደኛው ወደሚያድርበት ሆቴል፣ ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ወደሚታከምበት ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ከተማ ወደሚሳፈርበት መናኸሪያ እስኪደርስ ድረስ ጉዞው አልተጠናቀቀም። ይህች የመጨረሻዋ አጭር መንገድ በርካታ የአገራችን ከተሞች ውስጥ የምትሸፈነው በኮንትራት ታክሲ፣ በባጃጅ፣ በሆቴሎች መኪና፣ በዘመድ ወይም በመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ነው። ቋሚ ሰዓት ያለው፣ ታሪፉ በግልጽ የተለጠፈ፣ ማንም ዜጋ ሊጠቀምበት የሚችል የሕዝብ ትራንስፖርት በዚህች መንገድ ላይ ብዙም የተለመደ አይደለም።

የችግሩ መነሻ የተሽከርካሪ እጥረት ነው የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ይሰማል። ጉዳዩ በጥሞና ሲታይ ግን የጎደለው ተሽከርካሪ ሳይሆን ባለቤት መሆኑን መገንዘብ አያዳግትም። አየር ማረፊያው ባለቤት አለው፤ መንገዱ ባለቤት አለው፤ ሆቴሉም ባለቤት አለው። ሦስቱን የሚያገናኘው አገልግሎት ግን ኃላፊነቱን ወስዶ የሚያቅደው፣ የሚቆጣጠረውና የሚጠየቅበት አንድ አካል በግልጽ አልተመደበለትም። የጅግጅጋና በዙሪያዋ ያሉት የሰሜናዊ ሶማሌ ክልል ከተሞች ሁኔታ ይህንን በሚገባ ያሳያል።

የከተማዋ ዕድገትና የአየር ማረፊያው ርቀት

የሶማሌ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነችው ጅግጅጋ በ1999 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 125 ሺህ 876 ነዋሪዎች ነበሯት። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በስፋትም ሆነ በነዋሪ ብዛት በእጅጉ አድጋለች። የክልሉ ቢሮዎች፣ በዚያው የቆጠራ ዘመን የተቋቋመው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች መገኛ በመሆኗ ለሥራ የሚመጣባት ሰው ብዙ ነው። ወደ ቶጎ ጫሌ ድንበርና ወደ በርበራ ወደብ በሚወስደው የንግድ መሥመር ላይ የምትገኝ መሆኗም የነጋዴውን እንቅስቃሴ ከፍ አድርጎታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው ታዋቂ በነበሩት የሶማሌ መሪ በገራድ ዊልዋል ስም የተሰየመው አየር ማረፊያ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ ይገኛል። ይህ ርቀት ለመኪና አጭር ነው፤ ሻንጣ ለያዘ እግረኛ ግን የማይሞከር ነው። በከተማዋ ውስጥ ለሚደረግ አጭር ጉዞ ዋነኛው መጓጓዣ የሆነው ባጃጅም ሦስት ሰዎችን ከነመለስተኛ ጓዛቸው በዝግታ ለማድረስ የተሠራ እንጂ ከከተማ ወጣ ባለ ፈጣን የመኪና መንገድ ላይ ለመመላለስ የታሰበ ተሽከርካሪ አይደለም። በመሆኑም ተቀባይ የሌለው መንገደኛ ያለው ዋነኛ ምርጫ ኮንትራት መኪና ነው።

የኮንትራት ዋጋ የሚወሰነው በድርድር ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ እንደመሆኑ፣ ቋንቋውን የሚናገርና የከተማዋን የዋጋ ልማድ የሚያውቅ ሰው በተሻለ ዋጋ ሊሳፈር ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ እንግዳ፣ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት፣ አረጋዊ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት መንገደኛ ግን ሌላ አማራጭ እንደሌለው በሚያውቅ አሽከርካሪ ፊት ቆሞ ይደራደራል። እዚህ ላይ አሽከርካሪውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። መንገደኛ ማግኘቱን ሳያረጋግጥ ባዶ መኪና ይዞ ከከተማ የወጣ ሰው የመሄጃውንም ሆነ የመመለሻውን ነዳጅ ከአንዱ ጉዞ ለመሸፈን መሞከሩ የሚጠበቅ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በሒደት እንዲነሳ በመደረጉ ደግሞ የእያንዳንዱ ባዶ ኪሎ ሜትር ዋጋ ከቀድሞው ይበልጥ የሚሰማ ሆኗል።

ወደ ሸደርና ወደ ቶጎ ጫሌ ለሚሻገረው

ጅግጅጋ የደረሰ ሁሉ ጅግጅጋ የሚቀር አይደለም። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በአውበሬ ወረዳ የምትገኘው ሸደር በ2000 የተከፈተ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ያለባት ናት። በዚያው አካባቢ የአውበሬ፣ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ደግሞ በ1983 የተቋቋመው የቀብሪ በያህ መጠለያ ይገኛሉ። ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ቶጎ ጫሌም ዋነኛዋ የምሥራቅ የንግድ በር ናት። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የጉምሩክና የፀጥታ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና የስደተኛ ቤተሰቦች በእነዚህ ከተሞችና በጅግጅጋ መካከል ያለማቋረጥ ይመላለሳሉ።

አየር ማረፊያው ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ በመሆኑ ወደ ሸደር ወይም ወደ ቶጎ ጫሌ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ከተማ ይገባል። ከዚያም መናኸሪያ ፈልጎ፣ ተሽከርካሪ እስኪሞላ ጠብቆ፣ እንደገና ወደ ምሥራቅ ፊቱን ያዞራል። ለሩቅ ከተማ የሚሳፈሩ ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው በማለዳ የሚነሡ ሲሆን፣ ቀኑ እየገፋ በሄደ መጠን የሚሞላው መኪና እየቀነሰ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ የሚያርፍ አውሮፕላን የያዘው መንገደኛ ኮንትራት መኪና ለመያዝ አቅሙ ካልፈቀደለት ጅግጅጋ ማደሩ የግድ ይሆናል። የአንድ ሰዓት በረራ ያስገኘው ጊዜ በአንድ ሌሊት አዳር ተመልሶ ይጠፋል፤ የሆቴሉ ወጪም በአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ ይደመራል።

ስለሆነም ለእነዚህ ከተሞች ነዋሪ አየር ማረፊያውን ከሆቴል ጋር ከማገናኘት እኩል፣ ምናልባትም በበለጠ፣ ከመናኸሪያው ጋር ማገናኘት አስፈላጊ ነው። የስደተኞችን ጉዳይ የሚመለከተው በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች የመንቀሳቀስና የመሥራት መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል። መብቱ በተግባር የሚታየው ደግሞ ሰው ከመጠለያ ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ትምህርት ተቋምና ወደ ገበያ በአቅሙ ከፍሎ መድረስ ሲችል ነው።

በዚህ መስመር ላይ ሰዓትን ጠብቆ ማጓጓዝ እንግዳ ነገር አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ በአካባቢው አለ። ከአወዳይ ተጭኖ በሐረርና በጅግጅጋ በኩል ወደ ድንበር የሚያልፈው ጫት ከደረቀ ገበያ ስለማያገኝ፣ ሻጩ፣ ጫኙ፣ አሽከርካሪውና ተቀባዩ በሰዓት ተግባብተው ይሠራሉ። የፍጥነታቸው አደገኛነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ቅንጅቱ ግን የሚያስተምረው ነገር አለ። ለዕቃ የተቻለው የሰዓት መግባባት ለሰው የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የመሥሪያ ቤት መኪና የሸፈነው ችግር

ይህ ሁሉ እየታወቀ ጉዳዩ ለምን በዕቅድና በሪፖርት ውስጥ ጎልቶ አይታይም? አንዱ ምክንያት ውሳኔ የሚሰጠው አካል ችግሩን በራሱ ላይ ስለማያየው ነው። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ፣ ለክትትል ወይም ለሥልጠና የሚሄድ ኃላፊ አየር ማረፊያ ላይ የአስተናጋጁ ቢሮ ተሽከርካሪ ይጠብቀዋል። የረድኤት ድርጅት ባልደረባም የድርጅቱ መኪና ይቀበለዋል። ትልልቅ ሆቴሎች ደግሞ ለደንበኞቻቸው መኪና ይልካሉ። በዚህ ዓይነት መንገድ የሚጓዝ ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ሆቴሉ እስኪገባ የሕዝብ ትራንስፖርት መኖር አለመኖሩን የሚያውቅበት አጋጣሚ የለውም።

በአንድ በረራ ከተለያዩ ቢሮዎች የመጡ አምስት እንግዶች ቢኖሩ፣ አምስት ቢሮዎች አምስት ተሽከርካሪዎችን ከአምስት አሽከርካሪዎች ጋር ይልካሉ። በረራው ቢዘገይ አምስቱም ቆመው ይጠብቃሉ። በዚያው ሰዓት ተሽከርካሪዎቹ ሊሠሩት ይገባ የነበረው የመስክ ሥራ፣ ወደ ወረዳ ሊያደርሱት የነበረው ባለሙያ ወይም ቁሳቁስ ይስተጓጎላል። የነዳጁ ወጪ በየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ውስጥ ተበታትኖ ስለሚመዘገብ ተደምሮ የሚታይበት ቦታ የለም። መንግሥት ለሕዝብ ትራንስፖርት ያላወጣውን ገንዘብ በዚህ መልክ ያወጣዋል፤ ልዩነቱ ወጪው ለጥቂቶች ብቻ አገልግሎት መስጠቱ ነው።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በአገር ውስጥ መስመሮች በስፋት የሚያገለግለው ኪው 400 አውሮፕላን ከ70 በላይ መንገደኞችን ይይዛል። ከእነዚህ ግማሾቹ፣ 35 የሚሆኑት፣ ተቀባይ የሌላቸው ናቸው ብለን እናስብ። አንድ ወይም ሁለት ሆነው በኮንትራት ቢሳፈሩ ከ20 ያላነሱ መኪናዎች ያስፈልጓቸዋል። እያንዳንዱ መኪና ደርሶ መልስ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚነዳ፣ ለአንድ በረራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል ማለት ነው። እነዚሁ 35 ሰዎች 12 ሰው በሚጭኑ ሚኒባሶች ቢጓዙ ሦስት መኪናዎች ይበቋቸዋል፤ የሚነዳውም ርቀት ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው።

ከዚህም በላይ የአነስተኛ አየር ማረፊያ አሠራር ለሕዝብ ትራንስፖርት አመቺ የሆነ አንድ ባሕርይ አለው። ከአዲስ አበባ መንገደኞችን ይዞ የሚመጣው አውሮፕላን ብዙም ሳይቆይ ተመላሾችን ጭኖ ይነሣል። ተመላሾቹ ከበረራው አስቀድመው አየር ማረፊያ መድረስ ስላለባቸው፣ እነርሱን ያደረሰው ሚኒባስ ጥቂት ጠብቆ ገቢዎቹን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ተሽከርካሪው በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ ሆኖ ይጓዛል ማለት ነው። ባዶ መመለስ ከቀረ ለአንድ ሰው የሚጠየቀው ክፍያ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪውም አይከስርም። ቀኑን ሙሉ በረራ በማይቋረጥበት ትልቅ አየር ማረፊያ ይህን ማቀናጀት አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። በቀን የሚያስተናግዳቸው በረራዎች በጣት በሚቆጠሩበት አየር ማረፊያ ግን ቀላል ነው።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ የኤርፖርቶች ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ተዋሕዶ በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር እንዲተዳደር ተደርጓል። በመሆኑም የአየር ማረፊያው ግቢና ተርሚናል የግሩፑ ኃላፊነት ነው። የበረራ ደኅንነትን የሲቪል ኤቪዬሽን ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። ዋና ዋና መንገዶች በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ የከተማ ውስጥ መንገዶች በከተማ አስተዳደሮች ይሠራሉ። የታክሲና የባጃጅ ስምሪትና ታሪፍ በክልልና በከተማ የትራንስፖርት መዋቅር ይወሰናል። ሆቴሎችን የባህልና ቱሪዝም መዋቅር ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ የአየር ማረፊያ ጥበቃ ደግሞ በፌዴራል የፀጥታ አካላት ይከናወናል።

እያንዳንዱ ተቋም በተሰጠው ሥልጣን ልክ ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን የአንዱ ሥልጣን በአየር ማረፊያው በር ሲያበቃ የሌላው ከዚያ በር ውጭ ይጀምራል። የበረራ ሰዓት ሲለወጥ የትራንስፖርት ቢሮው የሚያውቅበት አሠራር ከሌለ የተመደበ መኪና እንኳ ቢኖር ጥቅሙ አነስተኛ ነው። የትራንስፖርት ቢሮው ታሪፍ ቢያወጣም ተርሚናሉ ውስጥ የሚለጥፍለት ከሌለ መንገደኛው አያውቀውም። ለጥበቃ ሲባል የሕዝብ ተሽከርካሪዎች ከበሩ ርቀው እንዲቆሙ ሲደረግም ሻንጣ የሚጎትተው መንገደኛ ነው። አንዱም ተቋም አላጠፋም፤ ውጤቱ ግን የጎደለ አገልግሎት ነው።

ባለቤት ሲኖር ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳየውም ራሱ አየር መንገዱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሌላ አገር ለሚሻገሩና ረጅም ሰዓት ለሚጠብቁ መንገደኞቹ ሆቴል ይይዛል፤ በማመላለሻ አውቶቡስም ወስዶ ይመልሳቸዋል። በጥር 2011 ከቦሌ ተርሚናል ማስፋፊያ ጋር የተመረቀውና በኋላ ከ1 ሺህ በላይ ክፍሎች እንዲኖሩት የተደረገው ስካይላይት ሆቴልም የዚሁ ግሩፕ ንብረት ነው። አውሮፕላኑ፣ አውቶቡሱና ሆቴሉ በአንድ ዕቅድ ሲመሩ መንገደኛው በመካከል የሚንከራተትበት ክፍተት አይኖርም። የአገር ውስጥ መንገደኛ የሚፈልገው አገልግሎት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በራሱ ወጪ የሚገኝ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

የመዲናዋ ትምህርት

ጉዳዩ የክልል ከተሞች ብቻ አለመሆኑን የአዲስ አበባ ተሞክሮ ያመለክታል። የቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ማስፋፊያ የተርሚናሉን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች ከፍ አድርጎታል። አየር ማረፊያው ለከተማዋ መሐል ቅርብ በመሆኑም ብዙ አገሮች የሌላቸው ዕድል ነበረው። መስከረም 9 ቀን 2008 አገልግሎት መስጠት የጀመረው የቀላል ባቡር ግን አየር ማረፊያውን አይነካም። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሸፍኑት ሁለት መስመሮች መካከል ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በኡራኤልና በእስጢፋኖስ በኩል ያልፋል። ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ በባቡር ለመጠቀም በቅድሚያ ሌላ ተሽከርካሪ ይዞ ወደነዚህ ጣቢያዎች መሄድ ይኖርበታል።

ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲዎች ከአየር ማረፊያው ወጣ ብሎ ካለው የቦሌ መንገድ ወደ ተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች ይጭናሉ። በተመጣጣኝ ዋጋ ከተማ ለመግባት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። ነገር ግን መኖሩን የሚያውቀው በአብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ ነው። ለእንግዳው የሚታዩት የሆቴል ማመላለሻዎች፣ የኮንትራት ታክሲዎችና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተስፋፉት በስልክ የሚጠሩ የታክሲ አገልግሎቶች ናቸው። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ዋጋን አስቀድሞ በማሳወቅ ድርድርን ማስቀረቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ለአንድ ሰው አንድ መኪና የሚያሰማራ በመሆኑ የብዙኃን ትራንስፖርትን አይተካም።

ተመሳሳይ ክፍተት በባቡር መስመርም ታይቷል። በ2010 መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ ባቡር ጣቢያዎች ከቀድሞው የባቡር መስመር በተለየ ከከተማ መሐል ወጣ ብለው ተሠርተዋል። ቀድሞ ለገሃር ላይ ወርዶ በእግሩ ወደ ከተማ ይገባ የነበረው መንገደኛ፣ ዛሬ ከለቡ ተጨማሪ መጓጓዣ ያስፈልገዋል። የድሬዳዋ ጣቢያም እንዲሁ ከነባሩ የከተማዋ ጣቢያ ርቆ የተሠራ ነው። ወደ ጅግጅጋ ለመሄድ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ወይም በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ በሐረርና በባቢሌ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የመኪና ጉዞ ይቀረዋል። ከጣቢያውም ሆነ ከአየር ማረፊያው ወደ መናኸሪያ የሚያደርሰው አስተማማኝ አገልግሎት ካላገኘ የዚህ ጉዞ መጀመሪያ ራሱ ይጓተታል።

ጉዳዩ ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው ቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የተወጠነው አዲሱ አየር ማረፊያ ሲታሰብ ነው። ሥፍራው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅም ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታስቦ ተነድፏል። ከቦሌ አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ የታየው ክፍተት በ40 ኪሎ ሜትር ላይ ቢደገም ሠራተኛውም፣ መንገደኛውም፣ ሆቴሎችም የሚከፍሉት ዋጋ ከባድ ይሆናል። በዕቅዱ የፈጣን ባቡር ግንኙነት መካተቱ አዎንታዊ ነው። ወሳኙ ጥያቄ ግን ባቡሩ ከአየር ማረፊያው ጋር እኩል ሥራ ይጀምራል ወይስ ከዓመታት በኋላ ይከተላል የሚለው ነው።

ከሌሎች አገሮች

በዚህ ረገድ የሴኔጋል ተሞክሮ ትኩረት ይሻል። የብሌዝ ዲያኝ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ሲከፈት ከመዲናዋ ከዳካር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ከዳካር የተነሣው አዲስ የባቡር መስመር ሥራ የጀመረው አራት ዓመት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው። ያም ቢሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ ዲያምኒያዲዮ የሚደርስ እንጂ አየር ማረፊያው የሚገባ አልነበረም። በአንጻሩ ደቡብ አፍሪካ የጆሃንስበርግን አየር ማረፊያ ሆቴሎችና የንግድ ተቋማት ከሚበዙበት ሳንድተን ጋር የሚያገናኘውን የጋውትሬን መስመር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010፣ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ሥራ አስጀምራለች። ለሥራው ቁርጥ ያለ ቀንና የሚጠየቅ አካል መኖሩ ውጤት አስገኝቷል።

ባቡር መሥራት ለማይቻልበት ከተማ ደግሞ የናይሮቢ ምሳሌ ቅርብ ነው። ከጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ ወደ ከተማዋ መሐል የሚሄደው የ34 ቁጥር አውቶቡስ ውድ መሠረተ ልማት አልጠየቀም። ቁጥር ያለው፣ መነሻና መድረሻው የታወቀ መስመር በመሆኑ ብቻ የአየር ማረፊያው ሠራተኛም ሆነ ገንዘቡን መቆጠብ የሚፈልግ እንግዳ ይጠቀምበታል። ለጅግጅጋ የሚስማማው ትምህርትም ይኸው ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

ከሁሉ አስቀድሞ አገልግሎቱ አንድ ባለቤት ሊሰየምለት ይገባል። የስምሪትና የታሪፍ ሥልጣን በእጁ ያለው የከተማው ወይም የክልሉ የትራንስፖርት አካል ለዚህ ተመራጭ ነው። አየር ማረፊያው የበረራ ሰዓትና የመዘግየት መረጃ በየዕለቱ የመስጠት፣ በተርሚናሉ ውስጥ ማስታወቂያ የመለጠፍና ለመጫኛ የሚሆን ቦታ የማዘጋጀት ኃላፊነት በስምምነት ሊወስድ ይችላል። ሚኒባሱ መነሣት ያለበት ሰዓት ስለሞላ ሳይሆን አውሮፕላኑ አርፎ መንገደኛው ሻንጣውን ስለተረከበ በመሆኑ፣ በሁለቱ አካላት መካከል የሚደረግ የስልክ ግንኙነት ከታተመ የሰዓት ሰሌዳ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ መስመሩ ነው። ከአየር ማረፊያው ተነሥቶ ሆቴሎች በሚበዙበት አካባቢ፣ በሆስፒታልና በመናኸሪያው በኩል የሚያልፍ አንድ መስመር አብዛኛውን ፍላጎት ይሸፍናል። ከመስመሩ ወደየሆቴሉና ወደየሰፈሩ ባጃጆች በከተማ ውስጥ ታሪፍ ያደርሳሉ። በዚህም ባጃጅ ለተሠራበት አጭር ጉዞ ይውላል፤ የአሽከርካሪዎቹም ገቢ አይነካም። የኮንትራት ታክሲ ማኅበራትም ከጅምሩ በምክክሩ ሊሳተፉና ሚኒባሶቹን የማሰማራት ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል። ተወዳዳሪ ተደርገው ከውጭ የቀሩ ማኅበራት ጥሩ ዕቅድን ማሰናከላቸው በሌሎች ከተሞች ያልታየ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው መረጃ ነው። ታሪፉ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሻንጣ መረከቢያው ዘንድ ሊለጠፍ ይገባል። ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር መገለጽ አለበት። በቲኬት ላይ 10፡30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡30 መሆኑ ለለመደ ሰው ግልጽ ቢሆንም፣ አልፎ አልፎ ለሚጓዝ ሰው በረራን እስከማሳለፍ የሚያደርስ ስሕተት ምክንያት ይሆናል። ጉልበት የማይጠይቅ ይህን መሰል ሥራ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የማን ሥራ እንደሆነ ባለመታወቁ ነው።

አራተኛ፣ የጥበቃ ጉዳይ ከአገልግሎቱ ጋር እንደሚቃረን ተደርጎ መታየት የለበትም። ሰሌዳቸው፣ አሽከርካሪያቸውና ማኅበራቸው የተመዘገበ ጥቂት ሚኒባሶች እስከ ተርሚናሉ በር እንዲገቡ መፍቀድ፣ በየበረራው የሚለዋወጡ በርካታ የማይታወቁ መኪናዎችን ከመፈተሽ የቀለለ ነው። ለጥበቃ አባላቱም ሥራቸውን ያቃልልላቸዋል።

በመጨረሻም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ደንበኛ መሆን ይችላሉ። ቢሮዎች እንግዳ ለመቀበል የሚልኩትን ተሽከርካሪ ትተው ሠራተኛቸው በሚኒባሱ ከፍሎ በደረሰኝ እንዲያወራርድ ቢፈቅዱ፣ አገልግሎቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቋሚ ተጠቃሚ ያገኛል። በዚህ የሚቆጠበው ነዳጅና የመስክ መኪና ሰዓት ወደ ወረዳዎች ሊውል ይችላል። ከፍ ያለ ጥበቃ ወይም ፕሮቶኮል ከሚያስፈልጋቸው ጥቂት ኃላፊዎች በስተቀር፣ ብዙኃኑ ባለሙያ ከሕዝቡ ጋር አብሮ ቢሳፈር የሚጎዳው ነገር የለም። የሚሳፈርበት አገልግሎት ሲጓደልም ፈጥኖ የሚናገር ሰው ይኖራል።

ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅም ሆነ ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። የትራንስፖርት መዋቅሩ፣ አየር ማረፊያው፣ የጥበቃ አካላት፣ የሆቴል ባለንብረቶችና የታክሲ ማኅበራት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሦስት ወር ሙከራ ቢያደርጉ፣ ስንት ሰው እንደተጠቀመና ስንት መኪና እንደተቆጠበ በቁጥር ማየት ይቻላል። ሙከራው በጅግጅጋ ከተሳካ ተመሳሳይ ስፋት ላላቸው ከ20 ያላነሱ የአገር ውስጥ አየር ማረፊያዎች አርአያ ይሆናል። የአየር ማረፊያ ግንባታ ሪፖርት በማኮብኮቢያ ርዝመትና በተርሚናል ስፋት መገለጹ ተገቢ ቢሆንም፣ ወደፊት ሌላ አንድ ጥያቄ ሊታከልበት ይገባል፤ ከሸደር የመጣች አንዲት እናት ከአውሮፕላኑ ወርዳ፣ ማንም ሳይቀበላት፣ በአቅሟ ከፍላ መናኸሪያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?